ስማቸው በሰው መዝገብ የቀረ

ጽሑፉ ረዘም ይላል። ጊዜ ሲኖራችሁ ረጋ ብላችሁ አንብቡት።

በቡታጅራ ዙሪያ ባሉ አንዳንድ ቀበሌዎች ያደገ ሰው ቤት ለቤት የሚዞረውን መዝጋቢ ያውቀዋል። «ካለፈው ወዲህ የተወለደ አለ? የሞተስ? ያገባ፣ አገር የለቀቀ፣ አዲስ የገባ?» ብሎ ይጠይቃል፤ ጽፎ ይሄዳል፤ ቆይቶ ደግሞ ይመለሳል። ሥራው የተጀመረው በ1979 ዓ.ም. ነው። የአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ የማኅበረሰብ ጤና ትምህርት ክፍል ከስዊድኑ ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ጋር ሆኖ የቡታጅራ ገጠር ጤና ፕሮጀክትን አቋቋመ። ዶክተር ደስታ ሻሜቦ ከመሪዎቹ አንዱ ነበሩ። በዘጠኝ የገበሬ ማኅበራትና በአንድ የቡታጅራ ከተማ ቀበሌ የሚኖረው 28 ሺህ ገደማ ሕዝብ አንድ በአንድ ተቆጠረ። ለእያንዳንዱ ቤት ቁጥር፣ ለእያንዳንዱ ሰው ደግሞ ከሌላው ጋር የማይምታታ መለያ ተሰጠው።

ይህ ከተራ ቆጠራ ይለያል። ቆጠራ እንደ ፎቶ ነው፤ በዚያን ቀን ማን እንደነበረ ያሳያል እንጂ ሰውየው ከዚያ በኋላ ወዴት እንደደረሰ አይናገርም። የቡታጅራው መዝገብ ግን ሰውን ይከተላል። አንዲት ልጅ ስትወለድ ትጻፋለች፤ ታናሽዋ ሲሞት ይጻፋል፤ አግብታ ወደ ሌላ ቀበሌ ስትሄድ፣ ወንድሟ ለሥራ አዲስ አበባ ሲወጣ እንዲሁ ይጻፋል። ዓመታት ሲያልፉ ያ ሁሉ ቁርጥራጭ ተገጣጥሞ የአንድ ሰው ሕይወት መስመር ይሆናል። ሕፃናት ለምን እንደሚሞቱ፣ እናቶች በምን እንደሚጎዱ የታወቀው በዚህ መንገድ ነው።

እዚያው ኡሜዮ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ ደግሞ የሞቱ ሰዎችን በተመሳሳይ መንገድ የሚከተል ሌላ ክፍል አለ። እ.ኤ.አ. በ1973 የተጀመረ ሥራ ነው። የስዊድን ቄሶች በ1686 በወጣ የቤተ ክርስቲያን ሕግ መሠረት የደብራቸውን ሰው ልደት፣ ጋብቻና ሞት የመመዝገብ ግዴታ ነበረባቸው። እነዚያን አሮጌ መዝገቦች ወደ ኮምፒውተር ገልብጠው፣ በአንዱ ገጽ ላይ የተወለደውን ሕፃን በሌላው ገጽ ላይ ካገባው ጎልማሳ ጋር እያገናኙ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በፊት የኖረ ገበሬን ከልደት እስከ መቃብር ይከተሉታል።

እኔን የያዘኝ ጥያቄ እዚህ ላይ ይነሳል። ዛሬ በመስቃንና በማረቆ የሚኖረውን ሰው ሕይወት በመዝገብ መከተል ከተቻለ፣ ከጉራጌና ከአጎራባች አገሮች በባርነት ተወስደው የቀሩትን የዚያን ዘመን ሰዎች መከተል ይቻላል ወይ? ብዙዎቻችን «ያልተጻፈ ነገር ከየት ይመጣል?» እንላለን። መልሱ ግን ሌላ ነው። ብዙዎቹ ተጽፈዋል። የተጻፉት እኛ ዘንድ አይደለም እንጂ።

መጀመሪያ ነገሩ የደረሰው እኛው ደጃፍ መሆኑን እናስታውስ። እ.ኤ.አ. በ1840 ገደማ በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን ወደ ሸዋ የመጡት ክራፕፍና ሃሪስ፣ በአልዩ አምባ አቅራቢያ በነበረው የአብዱረሱል ገበያ ይሸጡ ከነበሩት ሰዎች መካከል ጉራጌዎች እንደነበሩ ጽፈዋል። ከዚያ መንገዱ በአፋር ምድር አቋርጦ ታጁራ ይወርዳል፤ ከታጁራ ባሕሩን ተሻግሮ የመን። በምዕራብ በኩል ደግሞ የጅማው የሂርማታ ገበያ ነበር። በኋላ፣ በ1870ዎቹና በ1880ዎቹ ዓ.ም.፣ የምኒልክ ጦር ወደ ደቡብ ሲዘልቅና የቀቤናው ሐሰን እንጃሞ ሲዋጋ፣ በጦርነት የተማረከ ሰው ገበያ መውረዱ የተለመደ ነበር። ክፉ ቀን ተብሎ የሚታወቀው ረሃብ ሲጨመርበት ነገሩ ባሰ።

አንድ ነገር ሳልሸፍን ልናገር። ከሲራራ ነጋዴዎቹ መካከል ብዙዎቹ ሙስሊሞች ነበሩ። ገዢዎቹም ባሕር ማዶ እንደዚሁ። ከሀገር ውስጥ ደግሞ ክርስቲያን መኳንንትም፣ ሙስሊም ባላባቶችም፣ ባህላዊ ሃይማኖት የሚከተሉ አለቆችም ባሪያ ነበራቸው፤ ይሸጡም ነበር። የተሸጡትም እንዲሁ ከሁሉም ወገን ናቸው። አንዱ ወገን ብቻ ሻጭ፣ ሌላው ብቻ ተሸጭ የሆነበት ተረት በየፌስቡኩ ይነገራል፤ መዝገቡ ግን አይደግፈውም።

ታዲያ የት ተጻፉ? በኤደን የእንግሊዝ ሹማምንት ከጀልባ ላይ ያስጣሏቸውን ሰዎች መዝግበዋል። ጅዳ የነበረው የእንግሊዝ ቆንስላ እስከ 1930ዎቹ አጋማሽ (እ.ኤ.አ.) ድረስ ወደ ግቢው ገብተው የሚማጸኑትን እየተቀበለ ነፃነት ያስገኝላቸው ነበር፤ ወረቀቱ አለ። በፋርስ ባሕረ ሰላጤ፣ በቡሽሕርና በሻርጃ በነበሩ የእንግሊዝ ወኪሎች ፊት ደግሞ በባርነት የተያዙ ሰዎች ቀርበው ቃላቸውን ሰጥተዋል። እያንዳንዱ ቃል አጭር ነው፤ ብዙ ጊዜ ከአንድ ገጽ አይበልጥም። ስሜ እገሌ ነው፣ አባቴ እገሌ ይባል ነበር፣ የተወለድኩት እዚህ ቦታ ነው፣ ልጅ ሳለሁ እንዲህ አድርገው ወሰዱኝ፣ ለእገሌ ሸጡኝ፣ እሱም ለእገሌ፤ አሁን የነፃነት ወረቀት እፈልጋለሁ። ከሐበሻ ምድር የተወሰዱ ይገኙበታል። አብዛኛው ዛሬ በቀጠር ዲጂታል ቤተ መጻሕፍት በኩል በነፃ ይነበባል። በእጃችሁ ባለው ስልክ ማለት ነው።

አንድ ወረቀት ብቻውን የአንድ ሰው ታሪክ ነው፤ ያሳዝናል፣ ያልፋል። መቶ ወረቀት በሥርዓት ሲደረደር ግን ሌላ ነገር መናገር ይጀምራል። ለዚህ ከአገራችን ጋር የተያያዘ የማውቀው ከሁሉ የጠራው ምሳሌ የ64ቱ የኦሮሞ ልጆች ነው።

በመስከረም 1881 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1888) ኦስፕሪ የሚባል የእንግሊዝ የጦር መርከብ ወደ ዐረብ ምድር የሚሻገሩ ሦስት ጀልባዎችን በቀይ ባሕር ያዘ። በውስጣቸው ከ200 በላይ ሰዎች ነበሩ፤ አብዛኞቹ ልጆች። ወደ ኤደን ተወሰዱ። በዚያና በቀጣዩ ዓመት ነፃ ከወጡት መካከል 42 ወንዶችና 22 ሴቶች ልጆች በሸይኽ ዑስማን በነበረ የስኮትላንድ ሚሽን ተቀመጡ። የኤደን ሙቀትና በሽታ ልጆቹን ስለጨረሰባቸው ሚሽኑ በ1890 ወደ ደቡብ አፍሪካ፣ ላቭዴል ወደሚባል ትምህርት ቤት አሻገራቸው። ሚሽኑ የራሱ ዓላማ ነበረው፤ ያ ሌላ ጉዳይ ነው። ለታሪክ ግን አንድ ትልቅ ነገር አደረገ። ልጆቹን አንድ በአንድ፣ በተመሳሳይ ጥያቄ፣ በቋንቋቸው ጠይቆ መልሳቸውን ጻፈ። አባትህ ማነው? እናትህስ? መሬት ነበራችሁ? ስንት ከብት? ማን ወሰደህ? ለማን ተሸጥክ? በየት በየት አለፍክ?

ወረቀቶቹ ከመቶ ዓመት በላይ ቆዩ። ከዚያ ሳንድራ ሮዎልት ሼል የምትባል ደቡብ አፍሪካዊት የታሪክ ተመራማሪ የ64ቱን ልጆች መልስ ወደ ሠንጠረዥ ገለበጠችው። አንድ ልጅ አንድ መስመር፤ እያንዳንዱ ጥያቄ አንድ ዓምድ። የጠቀሷቸውን ቦታዎች ካርታ ላይ አሰፈረች። በ2018 በእንግሊዝኛ መጽሐፍ ሆኖ ወጣ።

ሠንጠረዡ ያሳየው ነገር የሚጠበቀው አልነበረም። የድሃ ልጅ ብቻ ነው የሚሸጠው የሚል ግምት ነበር፤ ከልጆቹ ብዙዎቹ ግን መሬትና ከብት ካለው ቤት የወጡ ናቸው። ባርነት ማለት ወራሪ ፈረሰኛ በድንገት መጥቶ መንጠቁ ብቻ ይመስለን ነበር፤ ከልጆቹ ግን በጎረቤትና በዘመድ እጅ፣ በዕዳና በድርድር የተላለፉ አሉ። መንገዱም አንድ ጉዞ አይደለም። ተሸጦ፣ ቆይቶ፣ ደግሞ ተሸጦ ነው ባሕር የደረሰው። ከቤት እስከ ባሕር ዳርቻ ያለው መንገድ በታሪክ መጻሕፍት በአንድ ዓረፍተ ነገር ይታለፋል፤ ለልጆቹ ግን ከመርከቡ የሚበልጠው ያ ነበር። እንዲህ ያለውን ነገር አንድ ልጅ ብቻውን ተናግሮ ቢሆን «የእሱ ዕጣ ነው» ብለን እናልፈው ነበር።

ከነዚያ ልጆች 17ቱ በ1909 እ.ኤ.አ. በምኒልክ ዘመን ወደ አገራቸው ተመለሱ። ሌሎቹ እዚያው ቀሩ። ከቀሩት አንዷ ቢሾ ጃርሳ አስተማሪ ሆነች፣ አገባች፣ ወለደች። የልጇ ልጅ ኔቪል አሌክሳንደር አፓርታይድን ታግሎ በሮበን ደሴት 10 ዓመት የታሰረው ምሁር ነው። ልጅ ሳለ አያቱ ማንም በማያውቀው ቋንቋ ለብቻዋ ስታወራ ይሰማ ነበር። ቋንቋው ከየት እንደሆነ ያወቀው አድጎ ነው።

አሁን ወደ አስቸጋሪው ክፍል ልምጣ፤ ስም። መዝገብን ከመዝገብ ለማገናኘት የሚያስፈልገው ስም ነው፤ ባርነት ደግሞ መጀመሪያ የሚነጥቀው ስምን ነው። እንበልና አንዲት ልጅ ቤተሰቧ ያወጣላት ስም አላት። ነጋዴው በመንገድ ላይ ለመጥራት የሚቀለውን ያወጣላታል። የመን ወይም ጅዳ ስትደርስ ጌታዋ ዘዕፈራን ይላታል፤ ወንድ ከሆነ መብሩክ፣ ፈረጅ፣ አልማስ፣ ፊሩዝ። ሻፍራን፣ አልማዝ፣ የከበረ ድንጋይ፤ የዕቃ ስም ለሰው። በመጨረሻ አንድ እንግሊዛዊ ጸሐፊ በጆሮው የመጣለትን በላቲን ፊደል ይጽፈዋል። የአንዲት ልጅ አራት ስም በአራት መዝገብ ላይ ተበትኗል። ኮምፒውተር አራት ሰው ብሎ ይቆጥራታል። አራቱ አንድ መሆናቸውን የሚያውቀው የአገሩን ቋንቋ የሚያውቅ፣ የተዛባውን የመንደር ስም ሰምቶ «ይሄማ እገሌ ቀበሌ ነው» የሚል ሰው ነው። ዕድሜም እንዲሁ ግምት ነው። «ጉራጌ» ራሱ በገበያ ላይ የተለጠፈ ስም ሊሆን ይችላል፤ ነጋዴው በዚያ መንገድ የመጣውን ሁሉ በአንድ ስም ጠርቶ የስልጤውን፣ የሀዲያውን፣ የማረቆውን ልጅ አብሮ ሊጨምርበት ይችላል።

በደቡብ አሜሪካ ያለችው ሱሪናም የደች ቅኝ ግዛት ነበረች። እዚያ ከ1830 እስከ 1863 እ.ኤ.አ. እያንዳንዱ የባሪያ ጌታ ያለውን ሰው ሁሉ በመንግሥት መዝገብ ማስጻፍ ነበረበት፤ ሲወለድ፣ ሲሞት፣ ሲሸጥ፣ ነፃ ሲወጣ። መዝገቡ የተሠራው ለሰዎቹ ተብሎ አይደለም፤ ንብረት ለመቁጠር ነው። በቅርብ ዓመታት ግን የኔዘርላንድና የሱሪናም ዩኒቨርሲቲዎች መዝገቡን ፎቶ አንስተው በይነመረብ ላይ ለቀቁት፤ በጎ ፈቃደኞች ከየቤታቸው ሆነው መስመር በመስመር ወደ ኮምፒውተር ገለበጡት። በ2018 ለሕዝብ ተከፈተ። ዛሬ የሱሪናም ተወላጅ ቅድመ አያቱን ስም ጽፎ ይፈልጋል።

በዚያ መዝገብ ውስጥ አንድ ነገር ትኩረቴን ሳበው። የአባት ስም የለም፤ ከተጻፈ የሚጻፈው የእናት ስም ነው። ምክንያቱም በሕጋቸው የባሪያ ልጅ የእናቱ ጌታ ንብረት ነው፤ አባት ማንም ይሁን ማን ለጌታው ሒሳብ አይለውጥም። እኛ ደግሞ በተቃራኒው ነን። በጉራጌም በስልጤም ልጅ ሰባት አባት መቁጠር ይማራል፤ እናት ከቆጠራው ውጪ ናት። ከውጭ በባርነት የመጣች ሴት በአንድ ቤት ወልዳ ቢሆን ልጇ በአባቱ ይቆጠራል፣ እሷ ግን ከሁለት ትውልድ በኋላ ትጠፋለች። የደቹ መዝገብ እናትን ያስቀረው ከክፋት ነው፤ የእኛ ቆጠራ እናትን የጣላት ከልማድ ነው። ሁለቱም ግማሽ ናቸው።

ሰውን በስሙና በወገኑ እየዘረዘሩ መጻፍ ለእኛ እንግዳ ነገር አለመሆኑንም እናስታውስ። የኢብን ሰዕድ (በ230 ሒጅራ ያረፉት) ጠበቃት ምንድን ነው? በሺህ የሚቆጠሩ ሰዎች፣ እያንዳንዱ በስሙ፣ በአባቱ፣ በከተማው፣ በትውልዱ፣ ማንን እንዳገኘና ከማን እንደሰማ፣ መቼ እንዳረፈ። ነፃ የወጡትም በ«መውላ» ስም ከነፃ አውጪያቸው ጋር ተጽፈዋል። ሰይዱና ቢላል ረዲየላሁ ዐንሁ አባታቸው ረባሕ፣ እናታቸው ሐማማ መሆናቸውን የምናውቀው አንድ ሰው ይህን መጻፍ ተገቢ ነው ስላለ ነው። የበረካ፣ ማለትም የኡሙ አይመን ረዲየላሁ ዐንሃ፣ ስምም እንዲሁ ቀርቷል። የሐዲስ ሊቃውንት ስም የሚመሳሰልባቸውን ሁለት ሰዎች ለመለየት ያወጡት ዘዴ ዛሬ መዝገብ የሚያገናኙ ተመራማሪዎች ከሚጠቀሙበት ብዙም አይርቅም፤ ዘመኑ ይገጥማል ወይ? ከተማው? መምህሩ? ይህን በመድረሳ የተማረ ልጅ የሥራውን ግማሽ ተምሯል ማለት እችላለሁ።

ከአገር ቤትስ ምን ይገኛል? ኢትዮጵያ በ1916 ዓ.ም. መግቢያ የመንግሥታት ማኅበር አባል ስትሆን ባርነትን ለማስቀረት ቃል ገብታ ነበር። በዚያው ዓመት መጋቢት በባርነት የተያዙ ሰዎች ነፃ የሚወጡበትን መንገድ የሚዘረዝር አዋጅ ወጣ። በኋላ ለዚሁ የሚሆን መሥሪያ ቤት ተቋቋመ። ፈጽሞ ሕገወጥ የሆነው በነሐሴ 1934 ዓ.ም. አዋጅ ነው። ልብ በሉ፣ ይህ ሩቅ አይደለም፤ የአያቶቻችን ዘመን ነው። በእነዚህ ዓመታት መካከል በየዳኛው ፊት የቀረበ ሰው ወረቀት ትቶ ሊሆን ይችላል። በሐረር የቃዲ መዛግብት የሽያጭና የውርስ ጉዳይ ሰፍሯል። በእኛ አካባቢ ደግሞ በአብሬትና በአልከሶ ባሉት የዕውቀት ማዕከሎች፣ በየሸሁም ቤት ኪታቦች አሉ። በኪታብ ኅዳግና በመጨረሻው ባዶ ገጽ ላይ የልጅ ልደት፣ ዕዳ፣ ሽያጭ መጻፍ በሙስሊሙ ዓለም የቆየ ልማድ ነው። ኪታቡን ፎቶ የሚያነሱ ሰዎች ጽሑፉን ብቻ አንስተው ኅዳጉን ቆርጠው ሲያስቀሩ አያለሁ። እባካችሁ ኅዳጉንም አንሱ።

አሁን ከባዱ ነገር። «ባሪያ» የሚለው ቃል ዛሬም ስድብ ነው። ጋብቻ ሲታሰብ ሽማግሌ ዘር ይጠይቃል፤ አንዳንድ ቤተሰብ ላይ በሹክሹክታ የሚነገር ነገር አለ፤ በዚያ ሹክሹክታ የተሰበረ ጋብቻ አለ። ማን የማን ልጅ ነው የሚለው ጥያቄ ሰው በሚያጣላበት አካባቢ የባርነት መዝገብ እሠራለሁ ብሎ የሰው ስም እየዘረዘረ የሚለጥፍ ሰው ታሪክ አልሠራም፤ ወንድሙን አዋርዷል። የቡታጅራው ፕሮጀክት በመለያ ቁጥር የሠራው በከንቱ አይደለም፤ ተመራማሪው ውጤቱን ሲያሳትም የእገሌን ቤት አይጠራም። ለሞቱትም ለሕያዋን ዘሮቻቸው ሲባል እንዲሁ መሆን አለበት። ቤተሰቡ ራሱ ፈልጎ «የእኛ እናት ይቺ ናት» ብሎ ሲናገር ግን ሌላ ነው፤ ያን ጊዜ ስሟ በሙሉ ይጻፍ።

ዝም ማለትም መፍትሔ አይመስለኝም። ዝምታው ሹክሹክታውን አላጠፋውም፤ ያጠፋው የተወሰዱትን ስም ነው። የተወሰደው ልጅ ወንድም እዚህ ቀርቶ ወልዷል፤ የእሱ የልጅ ልጆች በእንሴኖ ገበያ ይነግዳሉ። «የአያታችን እህት በክፉ ቀን ጠፍታ ቀረች» የሚል ወሬ በስንት ቤት አለ? የውጭው መዝገብ የተሸጠችበትን ወደብ፣ የገዛትን ሰው፣ ነፃ የወጣችበትን ቀን ይዟል። የጎደለው ከየት ቤት እንደወጣች ነው። ያንን ዓምድ ከለንደንም ከዶሃም ሆኖ የሚሞላው ሰው የለም።

ስለዚህ በዚህ ክረምት ወደ ገጠር የምትገቡ ልጆች ሽማግሌ ስትጠይቁ ሰባት አባት ብቻ ጠይቃችሁ አትመለሱ። የእያንዳንዱን አባት እናት ጠይቁ፤ ከየት መጣች፣ ስሟ ማን ነበር፣ ሌላ ስም ነበራት ወይ። ከቤት ወጥቶ ያልተመለሰ ልጅ ነበር ወይ ብላችሁ ጠይቁ፤ ከክፉ ቀን በፊት ነው በኋላ፣ ምን የሚባል ገበያ ሲሄድ፣ ከማን ጋር። የመንደሩን ስም በሽማግሌው አፍ እንደሚጠራው ጻፉት፤ አሁን ካርታ ላይ ያለው ስም ብዙ ጊዜ ሌላ ነው። ማን እንደነገራችሁና መቼ እንደሆነም ከሥሩ አስፍሩ፤ ኢስናድ የሌለው ወሬ ምን ያህል እንደሚመዝን ታውቃላችሁ። ሽማግሌው «ይሄን አትጻፍ» ካለ ደግሞ ብዕራችሁን አስቀምጡ።